ማገርና ጉልላት፦ የአንድ ተዋናይ የሥራ ዘመን

(በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ የሣር ክዳን ቤት ከሩቅ ሲታይ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በክዳኑ ጫፍ በተቀመጠው ጉልላት ላይ ነው። ማገሩ ግን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አቅፎ የያዘ ቢሆንም፣ በጭቃ ተመርጎ ስለሚሸፈን ቤቱን ከሠራው ሰው በቀር የሚያስበው የለም። ጉልላቱ ቢወድቅ ቤቱ ቤት መሆኑ አይቀርም፤ ማገሩ ሲላላ ግን ግድግዳው ይሰነጠቃል። የዚህ ማኅበር አባላት ከሥራቸው የተነሣ በዚህ ላይ ማብራሪያ አያሻቸውም። የዛሬው ንግግር ይኸው ነገር በሌላ ሙያ፣ ይኸውም በፊልምና በቴሌቪዥን ትወና፣ እንዴት እንደሚታይ የሚመለከት ነው። ለምሳሌነትም የአንጋፋው ተዋናይ የአቶ ደበበ እሸቱ የሥራ ዘመን ተመርጧል።

በትወና ሙያ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው መሪ ተዋናይ ነው። እርሱ በየፊልሙ የራሱን መልክና ዝና ይዞ ይመጣል፤ ተመልካቹም ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው እርሱን ለማየት ነው። ሁለተኛው የገጸ ባሕርይ ተዋናይ የሚባለው ነው። ይህኛው በየጊዜው ሌላ ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሽፍታ፣ ከነገ ወዲያ ልጁ የሞተበት ገበሬ ይሆናል። ተመልካቹ ፊቱን ያስታውሰዋል፤ ስሙን ግን አይዘውም። ሆኖም መሪው ተዋናይ የሚቆጣው በእርሱ ላይ፣ የሚፈራው እርሱን፣ የሚታለለው በእርሱ ስለሆነ፣ ይህ ሰው ሥራውን በደንብ ካልሠራ የመሪው ቁጣም ሆነ ፍርሃት ሐሰት ይሆናል።

በክብር ረገድ የሚታየው ልዩነት በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማቱን መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ ረዳት ተዋንያን የሚሸለሙበት ዘርፍ የተጨመረው ግን ከስምንት ዓመት በኋላ በ1937 ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሪዎቹ የታወቀውን ወርቃማ ሐውልት ሲቀበሉ፣ ረዳቶቹ ይሰጣቸው የነበረው በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ምስል ነው። ዋልተር ብሬናን የተባለው ተዋናይ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይህን ሽልማት አግኝቷል፤ ቴልማ ሪተር የተባለችው ተዋናይት ደግሞ ስድስት ጊዜ ለዕጩነት ቀርባ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ሆኖም በዚያ አገር በስቱዲዮዎቹ ዘመን ለእነዚህ ሰዎች የዓመታት ውል ይሰጣቸው ስለነበረ፣ ክብሩ ቢያንስ እንኳ እንጀራው አልጎደለባቸውም። ከአንዱ ፊልም ወደሚቀጥለው ሲሸጋገሩም ሥራቸው ሁሉ በፊልም ላይ ተመዝግቦ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የነበረው ሁኔታ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረውና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ለሕዝብ የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ ቀኖች እንደምንረዳው መድረክ ነበረ፤ ካሜራም መጥቷል። ይሁን እንጂ በዓመት አምስትና ስድስት ፊልም እየሠራ ለአንድ ተዋናይ የማያቋርጥ ሥራ የሚሰጥ የፊልም ኢንዱስትሪ አልነበረም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ትወናን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ለካሜራ የሚሆነውን ችሎታ በመድረክ ላይ እየተለማመደ፣ ካሜራው መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ መጠበቅ ነበረበት።

አቶ ደበበ እሸቱ የወጡት ከዚህ ትውልድ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው የኪነ ጥበብ ማዕከል ለዘመናዊው ቴአትር ብዙ ሰዎችን አፍርቷል፤ እርሳቸውና የሙያ ባልደረባቸው ወጋየሁ ንጋቱም በዚያ ክበብ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ወደ ሃንጋሪ ሄደው የቴአትር ትምህርት ተከታትለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው ገና በ1971 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ እነዚህ ሰዎች ሙያውን በሥርዓት የተማሩት በአገሩ ሙያውን የሚያስተምር ክፍል ሳይኖር መሆኑ ይታያል። ዘመኑም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ»ና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ የመለሱበት፣ የአማርኛ መድረክ ከባድ ሸክም ሊሸከም እንደሚችል የተረጋገጠበት ዘመን ነበር።

ካሜራው ለአቶ ደበበ የመጣው ከውጭ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሻፍት በአፍሪካ» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ፊልሙ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የሻፍት ፊልሞች የመጨረሻው ሲሆን አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን፣ መሪ ተዋናዩም ሪቻርድ ራውንድትሪ ነበሩ። ታሪኩ አንድ የኒው ዮርክ የግል መርማሪ ወጣት አፍሪካውያንን በማታለል ወደ አውሮፓ እያጋዘ የሚሸጥ ቡድንን ለመደምሰስ ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱን ይናገራል፤ ከፊሉም የተቀረጸው በኢትዮጵያ ምድር ነው። አቶ ደበበ በዚህ ፊልም ዋሳ የሚባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። ሚናው የመሪ ሚና አይደለም፤ በትክክል የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ሚና ነው። ነገር ግን በመላው ዓለም በሚታይ ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያ ለትርኢቱ መልክዓ ምድሯን ብቻ ሳይሆን በሙያው የሠለጠነ ተዋናይም ማቅረብ እንደምትችል አሳይቷል።

በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ከእንዲህ ያለ ሚና በኋላ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አሥረኛው ይከተል ነበር። የገጸ ባሕርይ ተዋናይ የሥራ ዘመን የሚገነባው እንዲህ ነው፤ ትንንሽ ሚናዎች እንደ ድንጋይ እየተደራረቡ አንድ ግንብ ይሆናሉ። በኢትዮጵያ ግን ፊልሙ በወጣ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። የውጭ ፊልም ሠሪዎች መምጣታቸውን አቆሙ። በዚያው በ1966 ዓ.ም. በሚሼል ፓፓታኪስ የተዘጋጀው «ጉማ» የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ የአገር ውስጥ ልብ ወለድ ፊልም በጣት የሚቆጠር ሆኖ ቀረ። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም ይበልጥ ያተኮረው በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ነበር። በመሆኑም በአንድ ዓለም አቀፍ ፊልም የታወቀ ተዋናይ ወደ መድረኩ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የመድረክ ሥራ ከፍ ያለ ክብር ቢኖረውም፣ ከቀረጻ አንጻር ሲታይ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ትርኢቱ በአንድ ምሽት ይወለዳል፤ መጋረጃው ሲዘጋም ይሞታል። ተዋናዩ ለወራት ያጠናው የድምፅ አወጣጥ፣ የአረማመድ ስልትና የዓይን አያያዝ ከተመልካቹ ትዝታ በስተቀር መኖሪያ የለውም፤ ተመልካቹ ሲያልፍም አብሮ ያልፋል። አንድ መሐንዲስ የሠራው ድልድይ እርሱ ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ሰው ያሻግራል። የሥራው ፕላንም በመዝገብ ቤት ስለሚቀመጥ ድልድዩ ቢፈርስ እንኳ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል። በተቃራኒው በአገራችን መድረኮች ላይ ለአሥርት ዓመታት የተሠራው ሥራ ያለ ፕላን የቆመ፣ ያለ ፕላንም የፈረሰ ነው ለማለት ይቻላል።

የተመዘገበ ሥራ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የወጋየሁ ንጋቱ ታሪክ ያሳያል። ወጋየሁ በመድረክ ላይ ብዙ ድንቅ ሥራ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ግን በወጣቱ ዘንድ የሚታወቁት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በመተረካቸው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ትረካው ግን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር አዳረሰው። ተራኪው ለእያንዳንዱ ባለታሪክ የተለየ ድምፅ ሰጥተው፣ በአንድ ሰው ጉሮሮ የአንድን አገር ሰው ሁሉ አሰምተዋል። ይህ ራሱ የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ጥበብ ነው። እርሳቸው ካለፉ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም ያ ድምፅ ዛሬም በየቤቱና በየታክሲው ይደመጣል። የመድረክ ሥራቸው ጠፍቶ የሬዲዮ ሥራቸው የቀረው መድረኩ ከሬዲዮ ስላነሰ አይደለም፤ አንዱ በቴፕ ተቀርጾ ሌላው ሳይቀረጽ ስለቀረ ብቻ ነው።

ወደ አቶ ደበበ ስንመለስ፣ ዓመታቱ የጥበብ ብቻ አልነበሩም። በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው፣ በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በይቅርታ ተለቀዋል። የፖለቲካው ጉዳይ የዚህ ንግግር ርእስ አይደለም፤ እዚህ ላይ የተጠቀሰው የአንድ ተዋናይ የሥራ ዘመን በአገሩ ታሪክ ምን ያህል እንደሚቆራረጥ ለማሳየት ያህል ነው። በሌላ ሙያ ለሁለት ዓመት ከሥራ መራቅ በሥራ መዝገብ ላይ አንድ ባዶ መስመር ነው። ሰውነቱና ድምፁ መሣሪያው ለሆነ ሰው ግን ያ ጊዜ መሣሪያው ራሱ የሚፈተንበት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014፣ ማለት ከ«ሻፍት በአፍሪካ» 41 ዓመት በኋላ፣ ባዚ ጌቴ የተባለው የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ እስራኤላዊ አዘጋጅ «ቀያይ ቅጠሎች» የተሰኘ ፊልም ሠራ። በዚህ ፊልም የመሪውን ሚና የያዙት አቶ ደበበ እሸቱ ናቸው። ታሪኩ ከ28 ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስለሄደ፣ ሚስቱ ስለሞተችበት የ74 ዓመት አዛውንት ነው። አዛውንቱ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት ተራ በተራ ለመኖር ይነሣል፤ ነገር ግን የልጆቹ ኑሮ፣ ቋንቋና ልማድ ከእርሱ ርቆ ስለሄደ በየቤቱ እንግዳ ይሆናል። አዘጋጁ መነሻ ያደረገው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ነው። ንጉሡ መንግሥቱን ለሴት ልጆቹ አካፍሎ ማረፊያ እንዳጣ ሁሉ፣ ይህም አባት ያለውን ሸጦ ልጆቹ ዘንድ ሲሄድ ሥልጣኑን እዚያው ከሸጠው ቤት ጋር ትቶት መምጣቱን ይረዳል።

ይህን ሚና ከባድ የሚያደርገው ሰውየው ብዙ አለመናገሩ ነው። የመድረክ ተዋናይ የሚሠለጥነው ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ ነው፤ እጁን ሲያነሣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጎ ነው። ካሜራ ግን ፊት ለፊት ቀርቦ ስለሚመለከት የዓይን ሽፋሽፍት መርገብገብ እንኳ ለእርሱ ትልቅ ንግግር ነው። ብዙ የመድረክ ሰዎች በካሜራ ፊት የሚሰናከሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ። በ«ቀያይ ቅጠሎች» የሚታየው አዛውንት ግን ቁጣውን በዝምታ ይይዛል፤ የተከፋውን ልብ በአቀማመጡ ያሳያል። ለልጆቹ ክፉ ነው፤ ያም ሆኖ ተመልካቹ ሊጠላው አይችልም። ክፋቱን ሳያለዝቡ ለሰውየው ማሳዘን ለጀማሪ የሚቻል ሥራ አይደለም። በመሪ ሚና ላይ የታየው ችሎታ የተገነባው ሌሎችን በመሸከም በኖሩት ዓመታት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሥራ ዘመን የሚገኘው አንዱ ትምህርት ስለ ዝግጁነት ነው። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሠራተኛ ሙሉ የአገልግሎት ዘመን ያህላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ካሜራው እንደገና ስለመምጣቱ ዋስትና አልነበረም። ሙያተኛ ማለት ሥራ ሲመጣ የሚማር ሳይሆን ሥራ ሲመጣ የተማረ ሆኖ የሚገኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ግን አገርን የሚወቅስ ነው። ከእነዚህ ሁለት ፊልሞች አንዱን ያወጣው አሜሪካዊ ኩባንያ፣ ሌላውን የሠራው እስራኤላዊ አዘጋጅ ነው። አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ የዚህን ተዋናይ የወጣትነትና የሽምግልና ፊት አነጻጽሮ ለማየት ቢፈልግ፣ በውጭ አገር ሰዎች የተጠበቀውን መፈለግ ይኖርበታል። በመካከሉ በአገር ቤት የተሠራው ከፍተኛ ሥራ ግን አብዛኛው በተመልካች ትዝታ ውስጥ ነው ያለው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ ተረቱን እናውቀዋለን እንጂ አልሠራንበትም።

የኑሮው ጉዳይም ሊታለፍ አይገባም። ተዋናይ ፈቃዱ ተክለ ማርያም ከአርባ ዓመት በላይ በመድረክ፣ በቴሌቪዥን፣ በፊልምና በሬዲዮ ሲያገለግሉ ኖረው በኩላሊት ሕመም በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. አርፈዋል። በታመሙ ጊዜ ለሕክምናቸው ገንዘብ የተሰበሰበው ከሕዝብና ከሙያ ባልደረቦቻቸው ነበር። የሕዝቡ ፍቅር የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የአንድ ሙያተኛ ሕክምና በወዳጅ ልግስና ላይ ብቻ ሲቆም፣ ሕንፃው በጊዜያዊ ድጋፍ እንጂ በራሱ ምሰሶ አልቆመም ማለት ነው። መሐንዲሶች ለጊዜያዊ ድጋፍ የሚሰጡት ዕድሜ ስንት እንደሆነ የታወቀ ነው።

ይህ ስብሰባ የሚካሄድበት ቦታ ስለ አጠባበቅ የሚያስተምረው ነገር አለ። የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ በ705 ሄክታር መሬት ተንጣሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የሸፈነውን ተራራ እንደገና የአገር በቀል ዕፅዋት መኖሪያ ለማድረግ የሚደክም ተቋም ነው። የእንዲህ ያለ ማዕከል ሥራ ዛፍ መትከል ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ተክል ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተተከለ ካልተመዘገበ ቦታው ደን ይሆናል እንጂ የእጽዋት ማዕከል አይሆንም። አንድ ዝርያ በሜዳ ላይ ቢጠፋ ከዚህ ዘሩን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ለኮሶና ለዝግባ የተደረገው ጥንቃቄ ለጥበብ ሰዎቻችንም የማይደረግበት ምክንያት የለም።

በዚህ ረገድ የማኅበሩ አባላት ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ አላቸው፤ ጉዳዩ በከፊል የቴክኒክ ጉዳይ ነውና። በቴፕ ላይ የተቀረጸ ድምፅና ምስል ለዘለዓለም አይኖርም። መግነጢሳዊው ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው፤ ይህ ማጣበቂያ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይበሰብሳል፣ ይሙለጨለጫል፣ ቴፑ ሲጫወትም እየተፋቀ በማንበቢያው ላይ ይቀራል። እንዲህ የሆነውን ቴፕ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለሰዓታት በማሞቅ ለጥቂት ጊዜ መልሶ እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን ለመገልበጫ የሚሆን ጊዜ መግዣ እንጂ ፈውስ አይደለም። ከቴፑም በፊት ማጫወቻው ይጠፋል። ሶኒ ኩባንያ የቤታካም ካሴት መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ባስጀመረው የማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት፣ ከ2025 ገደማ በኋላ በመግነጢሳዊ ቴፕ ላይ ያለውን ማንበብ እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ባለሙያዎች መስማማታቸውን ገልጿል። ያ ዓመት አልፏል። ስለዚህ በየመደርደሪያው ያለው የቴሌቪዥን ድራማና የሬዲዮ ትረካ ሁሉ በየቀኑ ዕድሜው የሚቀንስ ንብረት ነው።

ሊሠራ የሚገባው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ በቴፕ ያለው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል ተገልብጦ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ሲገለበጥም የተዋንያኑ ስም፣ የሚናቸው ስምና ዓመቱ አብሮ ይጻፍ። ስም የሌለው ቅጂ ስም እንደሌለው ተክል ነው። ሁለተኛ፣ በመድረክ ላይ የሚቀርብ እያንዳንዱ አዲስ ቴአትር ከመጋረጃው መዘጋት በፊት አንድ ጊዜ በሙሉ ይቀረጽ፤ የዛሬው ካሜራ ዋጋ ይህን ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ ከዕድሜ ባለጸጎቹ ተዋንያን በሕይወት ያሉት ስለ ሙያቸው ይጠየቁ፤ ስለ ዝናቸው ሳይሆን ስለ አሠራራቸው። አንድን ሽማግሌ ሲጫወቱ ጀርባቸውን የት ላይ እንደሚያጎብጡ፣ ለፊታውራሪና ለባላገር ድምፅ ሲያወጡ ትንፋሻቸውን እንዴት እንደሚከፍሉ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

የገጸ ባሕርይ ተዋናይ በሥራው ላይ ሳለ ስሙ ባይነሣ ቅር አይለውም፤ ሌላ ሰው መስሎ መጥፋት የሙያው ባሕርይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን እንዲጠፋ የሚያደርገው ሙያው ሳይሆን የሌሎች ቸልተኝነት ነው። ማገሩ በጭቃ ውስጥ ተሸፍኖ መኖሩ ያለ ነው፤ ቤቱን የሚረከበው ሰው ማገሩ የት እንዳለ ካላወቀ ግን አንድ ቀን መስኮት ላውጣ ብሎ ይቆርጠዋል።